ሞተሩ ይውረድ

ወገኖቼ፣ የዛሬው ወሬያችን የአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክልና የባለቤቷ ወሬ ነው። መንገዱ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማበርን ያቋርጥና ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያም እንደገና ሽቅብ ይመለሳል። የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይሰናበተን፤ የቀረነው ቀስ እያልን እንሄዳለን።

ባለቤቷ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ባላገር በማዕረግ አይሰስትምና ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እኛም እንደ አገሬው ዶክተር እንበለው። ዶክተር ገና በጎረምሳነቱ ሥራ ሲጀምር መሥሪያ ቤቱ ያስረከበው ሞተር ሳይክል ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ነበረች፤ ሞተሯ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ሰዎች ፎር ስትሮክ የሚሉት ባለ አራት ምት፣ በእግር ተረግጦ የሚነሳ ነው። የክትባት ሣጥኑን ከኋላ ጠፍሮ፣ ጋቢውን በደረቱ አጣፍቶ፣ በእሷ ላይ ያልወጣው ዳገት ያልወረደው ቁልቁለት የለም፤ በሌሊት ምጥ የያዛት ላም አለች ሲሉት በእሷ ሄደ፣ የበግ ፈንጣጣ ገባ ሲሉት በእሷ ሄደ፣ ሠርግም ለቅሶም በእሷ ሄደ። ከዚያም መሥሪያ ቤቱ ያረጀ ንብረቱን በጨረታ ሲያስወግድ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያትን ሞተር ሳይክል ዶክተር ገዛትና ቤቱ አስገባት። ሚስቱ ያን ቀን «አሁን እንግዲህ ጡረታዋን እኛ ልንከፍላት ነው» አለች ይባላል፤ አነጋገሯ እውነት ነበረው።

እናም ኅዳር መጣ። የደብረ ብርሃንን ኅዳር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ለብሶ ያድራል፣ የኩበቱ ጢስ ከጣሪያው ሽቅብ መውጣት አቅቶት በግቢው ይንከላወሳል፣ ሰው እጁን ከጋቢው ማውጣት ይቀፈዋል። እንግዲህ በዚህ ብርድ ሞተር ሳይክሏ እምቢ ብትል ማን ይፈርድባት ነበር? እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረግጣት ትነሳለች። ችግሩ በኋላ ነው። አንድ ቀበሌ ደርሶ፣ አጥፍቷት፣ አንዲት ጊደር መርምሮ ሲመለስ ሞተሩ ገና እንደጋለ ነውና ያን ጊዜ አትነሳም። ይረግጣል፣ ያርፋል፣ ይረግጣል፣ ካፖርቱን ያወልቃል፣ ደግሞ ይረግጣል፤ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ከልጆቹ መሐል ጉልበት ያላቸው ይገፉለታል፣ ከዚያ ቁልቁለት ካገኘ ትነሳለች። ዳገት ላይ ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣውን አሁን በአንደኛም እያቃሰተች ሆነ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ብርድ ላይ ትነሳለች፣ ሲሞቃት አትነሳም። ዶክተር ራሱ ለበሽተኛ ከብት ባለቤት «መቼ መቼ ያማታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ የገዛ ሞተሩን ግን ማንም መቼ መቼ ያማታል ብሎ አልጠየቀለትም።

ጎረቤት ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፣ ካንዴላ ተቀየረ። አንዱ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አለ፣ ቤንዚኑ ተደፋ። ያም አልሆነም፤ ስለዚህ ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። እዚያ ያገኘው መካኒክ ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን፣ አንደበቱ ጨዋ፣ ክፋት የሌለበት ልጅ። የመኪና ኮምፕሬሽን መለኪያ አወጣ፤ ረጅም ቱቦ ያለው፣ ጫፉ ላይ የጎማ አፍንጫ የተገጠመለት። ካንዴላውን ፈታ፣ የጎማውን አፍንጫ በቀዳዳው ላይ በእጁ ደግፎ ያዘ፣ «ዶክተር፣ እስቲ ይርገጡልኝ» አለ፤ ዶክተርም በቀዝቃዛው ሞተር ላይ፣ የጋዙ እጀታ እንደተዘጋ፣ ረገጠ። መርፌው ተንቀጥቅጦ 70 ፒ ኤስ አይ ላይ ቆመ። ልጁ ከመሳቢያው ፎቶ ኮፒ የተደረገ ገጽ አወጣና ለዶክተር አሳየው፤ ገጹ የሚለው 170 ነው።

«ግማሽ እንኳ አልደረሰም፣ ዶክተር። ሞተሩ ይውረድ።»

ይውረድ ማለት ምን እንደሆነ ለማናውቀው ልጁ አንድ በአንድ ቆጠረው፤ የሲሊንደሩ ራስ ቴስታታው ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ይቀየራል፣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋል፣ በስፋቱ ልክ አዲስ ፒስተንና በዙሪያው የሚገባ አዲስ ፋሻ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ካልተገኘ ይጠበቃል። ዶክተር ዋጋውን ሰማና ዝም አለ። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት እሷም ዝም አለች፤ ሁለቱም ያሰቡት ከቤቱ ጓሮ የቆመውን በሬ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ዶክተርን አሳድረነው ስለ ኮምፕሬሽን እናውራ። ኮምፕሬሽን የሚባለው ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየርና ቤንዚኑን አፍኖ የሚጨምቅበት ጉልበት ነው። የዚህች ሞተር ሲሊንደር ከ120 ሲሲ በላይ አየር ይስባል፤ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ግን ለዚያ ሁሉ አየር የሚቀርለት ቦታ ወደ 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ መሆኑ ነው። ያ የታፈነ አየር በፋሻው ጎን ወይም በቫልቩ ሥር ወይም በጓርኒሲዮኑ ካፈተለከ እሳቱ ቢነሳም ጉልበት የለውም። ያለ ኮምፕሬሽን ሞተር ተሠርቶ አያውቅም እንዳትሉ፤ በፈረንጆቹ በ1860 ኤትየን ሌኗር ፓሪስ ውስጥ የሠራው የጋዝ ሞተር አየሩን ሳይጨምቅ ነበር የሚያቃጥለው፤ ጋዙን እንደ ጉድ እየጠጣ ጉልበቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 አየሩን ጨምቆ የሚያቃጥለውን ባለ አራት ምት ሞተር ሠራ፣ ከዚያም በ1885 ዳይምለርና ማይባህ የዚያን ሞተር ትንሽ ዘመድ በእንጨት አካል ላይ አስቀምጠው ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያላትን የመጀመሪያዋን ሞተር ሳይክል አስኬዱ። ከዚያ ወዲህ የተሠራ የቤንዚን ሞተር ሁሉ፣ የዶክተርም ጭምር፣ በዚያው በጭመቃ ይኖራል። ይኸው ነው፤ ወደ መንገዳችን እንመለስ።

ሸዋ ሮቢት አንድ አሮጌ መካኒክ አሉ አሉት። አሰብ ወደቡ የእኛ መኪናዎች መናኸሪያ በነበረበት ዘመን በወጣትነታቸው እዚያ የሠሩ፣ ከዚያ በመንገዱ ላይ እያደሩ እየሠሩ ወደ ላይ የመጡ፣ በመጨረሻ ሙቀቱን ፈልገው ሮቢት የቀሩ ሰው ናቸው። ዶክተር በሬውን ከመሸጡ በፊት እኒህን ሰው ላግኛቸው አለ። የጎረቤቱ ልጅ አይሱዙ ይነዳልና ሽንኩርት ሊጭን ባዶውን የሚወርድበትን ቀን ጠብቆ፣ ቤንዚኗን ቀድቶ፣ ሞተር ሳይክሏን እንደቆመች በገመድ ከግራና ከቀኝ ጠፍሮ ጫናት፣ እሱም ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጡ። ሜዳው ጸጥ ብሏል፣ የገብሱ ነዶ በየውድማው ተከምሯል፣ የድንጋዩ አጥር ላይ ውርጩ ገና አልሟሟም፣ እረኞች ከበጎቻቸው ኋላ እጃቸውን ብብታቸው ከተው ይሄዳሉ። ከዚያም መንገዱ ሽቅብ ሽቅብ እያለ ሄደና ጣርማበር ላይ ጉሙ ተቀበላቸው፤ ሾፌሩ መብራት አበራ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ወሬውን አቋረጠ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ባበጀው ዋሻ ውስጥ ገቡ፣ ከዚያም በወዲያኛው አፍ ወጡ። በወዲያኛው አፍ አገሩ ሌላ ነው። መሬቱ ከእግር ሥር ተነቅሎ የሄደ ይመስላል፤ ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር የተደረደረው እርከን፣ ከዚያ ወዲያ ቆላው በጭጋግ ውስጥ ተኝቶ ይታያል። ጭላዶች ከመንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ፤ ለመኪና ቀና ብለው አያዩም። ደብረ ሲና ላይ ሾፌሩ ቆሎ ገዛና ለዶክተር በእፍኙ ሰጠው፣ ከዚያም አርማንያን አልፈው ወረዱ፣ በወረዱ ቁጥር አንድ አንድ ልብስ አወለቁ፤ ሮቢት ሲደርሱ ዶክተር ጋቢውም ካፖርቱም ሹራቡም ጭኑ ላይ ነበር። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የወረደ ሰው ነውና ጆሮው ደፈን ደፈን ብሎታል። ይህን ከፍታም ያዙልኝ።

ሽማግሌው የሚሠሩት ከአንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ዶክተር እጅ ነሣ፣ ውሃ ተሰጠው፣ ከዚያም 70 የምትለዋን ቁጥር ነገራቸው። ሽማግሌው ሞተር ሳይክሏን እንኳ አልነኩም፤ ጥያቄ ጀመሩ።

«ሲለካ ሞተሩ ሙቅ ነበር?»

«አልነበረም፣ አባባ። ቀዝቃዛ ነበር።»

«ጋዙን ከፍተኸው ነበር?»

«ዘግቼው ነበር።»

«መለኪያው በጥርሱ ተጠምዝዞ ገባ ወይስ በእጅ ተደገፈ?»

«በእጅ ነው የያዘው።»

«ጠዋት ትነሳለች?»

«ትነሳለች። ሲሞቃት ነው የምታስቸግረኝ።»

ሽማግሌው ይህን ጊዜ ቀና አሉ። «ይሄን ለልጁ ነግረኸዋል?» አሉት። አልጠየቀውምና አልነገረውም ነበር።

ከዚያም ሥራ ጀመሩ፣ የሠሩትንም ሁሉ ቀስ ብለው ሠሩት። መጀመሪያ ሞተር ሳይክሏን አስነስተው ሰፈሩን አዞሯት፤ ፒስተንና ሲሊንደር ልካቸውን የሚይዙት ሲሞቁ ነውና። ተመልሰው አጠፏት፣ ካንዴላው ዙሪያ ያለውን አቧራ በትንፋሻቸው እፍ ብለው አጸዱ፤ ያ አቧራ ወደ ሲሊንደር ከገባ ደኅና የነበረ ሞተር ሲለካ ይበላሻል። የጋለው ብረት የቀዳዳውን ጥርስ እንዳይነቅል ጥቂት ጠብቀው ካንዴላውን ፈቱና በፀሐይ አዩት፤ ጥቁር ነው፣ ግን ደረቅ ጥቁር። ዘይት የሚበላ ሞተር ካንዴላው እርጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ይሄ ጥላሸት ብቻ ነበር፣ የደጋው አየር ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚን ስለሚያበዛ የሚመጣ ጥላሸት። ካንዴላውን ከክዳኑ ጋር መልሰው አገናኝተው የሞተሩን ብረት አስነኩት፣ የማጥፊያውን ቁልፍም ዘጉ፤ መውጫ ያጣ ኤሌክትሪክ መጠምጠሚያውን ያቃጥላል፣ ከቀዳዳው በሚወጣው የቤንዚን ትነት ላይ ብልጭ ካለ ደግሞ እጅ ያቃጥላል።

መለኪያቸው አጭር ነው። የእነዚህ ትናንሽ ሆንዳዎች የካንዴላ ቀዳዳ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአብዛኛው የድሮ መኪና ግን 14፤ ሽማግሌው ለ12ቱ የሚሆን ጥርስ ነበራቸው፣ አየር የሚይዘው ምላስም ጫፉ ላይ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቦታ ባለው ሞተር ላይ ረጅም ባዶ ቱቦ ከቀጠላችሁበት፣ የታፈነው አየር ወደ ቱቦው ተዘርግቶ ቁጥሩ ይወርዳል። ለትልቅ መኪና የማይታወቅ ስህተት ለሞተር ሳይክል ብዙ ነው።

«ጋዙን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ ቾኩንም መልሰው፣ አሁን ርገጥ።»

ዶክተር ረገጠ። መርፌው ዘለለ፣ በሁለተኛው ጨመረ፣ በሦስተኛው ጨመረ፣ ከዚያ አልጨምርም አለ፤ 110። ሽማግሌው መርፌውን ወደ ዜሮ መልሰው «አሁን ደግሞ ጋዙን ዝጋና ርገጥ» አሉት፤ 80። አየር ያልገባበት ሲሊንደር የሚጨምቀው የለውም። ዶክተር ሁለቱን ቁጥር ሰምቶ ሳቀ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም፣ 110ም ለሮቢት ጥቂት ነውና።

አሁን ፋሻ ነው ወይስ ቫልቭ የሚለው ቀረ። የድሮ መካኒክ ሁሉ የሚያውቃት ፈተና አለች፤ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካል። ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ፈስሶ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍነዋል፤ ቁጥሩ ከዘለለ ጥፋቱ የፋሻ ወይም የሲሊንደር ነው፣ ካልዘለለ አየሩ የሚያመልጠው ከላይ፣ በቫልቩ ወይም በጓርኒሲዮኑ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዘይቱ መጠን ላይ ነው። በማንኪያ ይጨምራሉ። 15 ሚሊ ሊትር ቦታ ላይ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት ካፈሰሳችሁ የቦታውን ሲሶ ዘይቱ ያዘው፤ ፋሻው ደኅና ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ይዘልላል፣ ደኅናው ፋሻም ይወነጀላል። ሽማግሌው ማንኪያ ሲፈልጉ ዶክተር ከሣጥኑ አዲስ ሲሪንጅ አወጣ፣ የበግ መውጊያ፣ መርፌውን ነቅሎ ጣለና ልክ 1 ሚሊ ሊትር የሞተር ዘይት ስቦ አቀበላቸው። ሽማግሌው ሲሪንጁን አገላብጠው አዩት፣ በላዩ ያሉትን ደቃቅ መስመሮች በጥፍራቸው ቆጠሩ፣ «እናንተ ሐኪሞች የምትጥሉት ዕቃ» አሉና ዘይቱን በቀዳዳው ጨመሩ። ለኩ፤ 115። አምስቷ ዘይቱ የያዘው ቦታ ናት። ፋሻው ነፃ ወጣ።

ከዛፉ ማዶ ጎሚስታ አለ፣ ኮምፕረሰር ያለው። ሽማግሌው ካንዴላ ሆዱን አውጥተው የካላማዳሪ መንፊያ አፍ የበየዱበት መሣሪያ ነበራቸው፤ እሱን በቀዳዳው ገጠሙ፣ ፒስተኑን ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጫፍ ላይ አቆሙ፣ የመጨረሻውን ማርሽ አስገብተው ዶክተርን የኋላ ፍሬኑን ርገጥ አሉት፤ አየሩ ፒስተኑን ገፍቶ ሞተሩን ሊያዞረው ይችላልና እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከዚያም ጎሚስታው ጥቂት አየር ለቀቀ፣ ዶክተርም ጆሮውን ሰጠ። በካርቡራተሩ አፍ አዳመጠ፣ ዝም ነው፤ እዚያ ቢነፍስ የማስገቢያው ቫልቭ ነበር። የዘይት መሙያውን ከፍቶ አዳመጠ፣ ከተለመደው ሽውታ በላይ የለም፤ እዚያ ቢበረታ ፋሻው ነበር። በቴስታታው ሥር የሳሙና ውሃ ቀቡ፣ አረፋ አልወጣም። በመጨረሻ ወደ ጢስ ማውጫው፣ ወደ ማርሚታው ጫፍ ጎንበስ አለ፣ እዚያ ሲፍ… ይላል፣ ሳያቋርጥ። በከብት ደረት ላይ ጆሮውን ሲያሳርፍ የኖረ ሰው ነውና ከሽማግሌው ቀድሞ ሰማው።

«የማስወጫው ቫልቭ ነው፣ አባባ።»

«እሱ ነው። ግን ዛሬ አንነካውም፣ ይደር።»

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ ነው። ዶክተር ሽማግሌው ቤት አደረ፣ የማሽላ እንጀራ በላ፣ በደጃፉ ላይ ሆኖ ስለ አሰብ ሙቀት ሲነገረው አመሸ። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ሽማግሌው በቴስታታው ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ክዳኖች ፈቱ፣ የጎኑን መመልከቻ ከፍተው ቲ የምትለዋ ፊደል ከምልክቷ ጋር እስክትገጥም ሞተሩን በቁልፍ ቀስ ብለው አዞሩ። በቫልቩ ግንድና በሚረግጠው ብረት መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የማይሞላ ክፍተት መኖር አለበት። ሽማግሌው እንደ ወረቀት የሳሱ የብረት ምላሶች አሏቸው፤ በማስገቢያው ቫልቭ ላይ ምላሱ ጠበቅ ብሎ ገብቶ ወጣ፣ ደኅና ነው። በማስወጫው ላይ ግን ከሁሉ የሳሳችውም አልገባ አለች። ክፍተት የሚባል ነገር ጠፍቷል።

እንዲህ ነው የሚሆነው። የማስወጫው ቫልቭ ዕድሜውን ሁሉ በእሳት ውስጥ ይኖራል፤ ቫልቩም መቀመጫውም በጥቂት በጥቂቱ ይበላሉ፣ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ ይሰምጣል፣ በሰመጠ መጠን ግንዱ ወደ ላይ ይወጣና ክፍተቱን ይጨርሰዋል። ሞተሩ ሲበርድ እንደ ምንም ይዘጋል። ሲሞቅ ግንዱ ይረዝማል፣ ከላይ ያለው ብረት ይይዘዋል፣ ቫልቩ በፀጉር ስፋት ተከፍቶ ይቀራል። ጠዋት ትነሳለች፣ ሲሞቃት አትነሳም ያልነው ይሄ ነው።

ሽማግሌው ትንሿን ፍሬ ፈቱ፣ ምላሱን አስገቡ፣ ሚስማሯን አስተካከሉ፣ መልሰው አጠበቁና እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ልኩ ይሸሻልና ይህን ሁለተኛ መለካት የሚዘልል ሰው ሥራውን አልጨረሰም። ክዳኑን ዘጉ። የወጣ መለዋወጫ የለም። ሞተር ሳይክሏን አስነስተው አሙቀው፣ እንደ ትናንቱ ሁሉ ለኩ፤ 140። በኮምፕረሰሩም ቢሰማ በማርሚታው በኩል ትንሽ ሹክሹክታ ቀርቷል። «ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ጤና አይደለም» አሉ ሽማግሌው፣ ያልሆነውን ሆነ ማለት አይወዱም፤ «ክፍተቱን በየጊዜው ለካው። ቶሎ ቶሎ ከጠፋ ያኔ ቴስታታው ይነሳል፣ ቫልቩ ይቀየራል። ያኔም ቢሆን ፒስተኑን አትንካው።»

ዶክተር ግን 170 የምትለዋ ቁጥር ከልቡ አልወጣችም። «መጽሐፉ 170 ይላል፣ አባባ፤ 30 የት ሄደ?» አለ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ሳቁ። አሰብ ሳሉ ይህንኑ ዓይነት ሞተር በዚሁ መለኪያ ለክተው 170 አግኝተዋል፤ ያንኑ ሞተር ባለቤቱ ደብረ ብርሃን ሲያመጣው ለክተው 120 አግኝተዋል፤ መጀመሪያ መለኪያው ተበላሸ ብለው ነበር። ነገሩ የአየሩ ነው። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ቁጥሩን የሚሰጡት በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር ነው። በባሕር ወለል ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ ሮቢት ላይ ወደ 86፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 76፣ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 71 ይሆናል። ሞተር የሚጨምቀው ያገኘውን ነው፤ ሳስቶ የገባለትን አየር ዘጠኝ እጥፍ ቢጨምቀው የሚወጣው ቁጥር ያው የሳሳ ነው። የዚህ ዓይነት ትንሽ ባለ አራት ምት ሞተር ጤነኛ ሲሆን ባሕር ዳርቻ ላይ ከ150 እስከ 180 ይሰጣል፤ ይህ በሮቢት ከ130 እስከ 155፣ በደብረ ብርሃን ከ107 እስከ 128 ገደማ ነው። ደጋ ላይ ስንት ደኅና ሞተር በዚህ ምክንያት ተፈትቶ ይሆን? እኔ ሳስበው አመመኝ።

ሽማግሌው እነዚህን ቁጥሮች በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጻፉለት፤ ለእጃቸው የሚገባውን ተቀበሉ፣ ያም ከአንድ በግ ዋጋ በታች ነበር፤ ሲሪንጁንም ስጠኝ አሉትና ሰጣቸው።

ሲመለስ አይሱዙ አላስፈለገውም። በራሷ ተቀምጦ ወጣ። አርማንያ ላይ ፀሐዩ በጀርባው፣ ደብረ ሲና ላይ ሹራቡን ለበሰ፣ ከዚያም ያ ዳገት መጣ፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ፤ በሁለተኛ ማርሽ ወጣች፣ ቀለል ያለው ላይ በሦስተኛ። አጋማሹ ላይ ሆን ብሎ አቆማትና አጠፋት፣ ሞተሩ እንደጋለ። ካፖርቱን ለበሰ፣ ጋቢውን አጣፋ፣ ቆላውን ትንሽ ቁልቁል አየ፣ ከዚያም ረገጣት። ተነሳች። አንድ ጭላዳ ድምፁን ሰምቶ ሸሸት አለና መልሶ ሣሩን ያዘ።

ደብረ ብርሃን እንደደረሰ ወደ ቤቱ አልሄደም፣ ወደ ልጁ ጋራዥ ሄደ። አልተቆጣውም፤ የሽማግሌውን ካርቶን ሰጠውና እንደገና ለካልኝ አለው። ልጁ በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ ያስመጣው የ12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነበረው፤ ሞተሩ ሙቅ፣ ጋዙ ክፍት ሆኖ ለካ፤ 116። ልጁ ካልኩሌተር አውጥቶ 170ን በ71 ከመቶ አባዛው፣ ወደ 121 መጣለት፣ ካርቶኑን አየ፣ መርፌውን አየ፣ ከዚያም «ዶክተር፣ ይቺን ወረቀት ልገልብጣት?» አለ። ገለበጣት፣ መሳቢያው ላይ ለጠፋት፤ የሚያስመሰግነውም ይሄ ነው። በሬውም አልተሸጠም፣ በተከታዩ ክረምት አርሶበታል።

እንግዲህ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሞተሩ ይውረድ ሲሏችሁ ጠይቁ፤ ሞተሩ ሙቅ ነበር ወይ፣ ጋዙ ተከፍቶ ነበር ወይ፣ የመለኪያው ጥርስ ገጥሞ ነበር ወይ፣ ቁጥሩ ለከተማችን ከፍታ ተስተካክሏል ወይ፣ የቫልቩ ክፍተትስ በብርዱ ተለክቷል ወይ። አንዱ እንኳ አልሆነም ካሏችሁ፣ ቴስታታውን አታስነሱ።